ለማናውቀው ሰው ስለ መድከም

ሰው ለራሱ ሲደክም የሚያደንቀው የለም፤ ለልጁና ለወላጁ ሲደክምም ደግ ሰው ይባላል እንጂ ምክንያቱን የሚጠይቀው አይገኝም። ነገር ግን አንድ ሰው በዐይኑ ላላየው፣ ስሙን ለማያውቀው፣ ቋንቋውንም ለማይሰማው በሽተኛ ብሎ ሲደክም ባየን ጊዜ ቆም ብለን እናስባለን። ይህ ድካም ከምን የመጣ ነው? ከርኅራኄ ነው ወይስ ከውዳሴ ከንቱ? ለበሽተኛውስ በእውነት ይጠቅመዋልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን ያነሣብኝ በመካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ ግን በባሕር ማዶ ሠርቶ የሚኖር አንድ ወጣት ነው። የሥራ ባልንጀሮቹ በድኻ አገር ላሉ ሕፃናት የክትባት መግዣ ለማሰባሰብ ብዙ ቀን በብስክሌት ለመጓዝ ተነሡና «አንተም አብረኸን ና» አሉት። ሥርዐቱ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ተጓዥ ለወዳጆቹና ለጎረቤቶቹ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እሄዳለሁና እናንተም የፈቀዳችሁትን ስጡ» እያለ ይለምናል፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለታሰበው ሥራ ይላካል። ወጣቱ ነገሩ ግራ ቢያጋባው እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ በሽተኛው የሚፈልገው መድኃኒት ነው፤ የኔን ላብ አይጠጣው። ገንዘቡን ከደመወዜ ቆርጬ ልኬ ቤቴ ብቀመጥ አይሻልም? ይህ ነገር ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንም ወይ?»

ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ሳወጣና ሳወርደው ሦስት ክርክሮች በውስጡ አገኘሁ። አንደኛው፣ ላብ መድኃኒት አይደለም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ምጽዋት በስውር ይሁን የሚለው ነው፤ በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ያደገውም ሆነ በመስጊድ ያደገው ሳይታዩ መስጠትን ከልጅነቱ ተምሯልና፣ ደረት ላይ ቁጥር ለጥፎ በአደባባይ መመጽወት ከዚህ ትምህርት ጋራ የሚጣላ ይመስላል። ሦስተኛው፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ነው፤ በደጁ የሚያቃስት ሰው እያለ ስለ ሩቅ ሰው የሚደክም ሰው ደግነቱ ያጠራጥራል።

ለእነዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ የጤነኛ ሰው ድካም ለበሽተኛ ምን እንደሚያደርግለት በደንብ ከማውቀው ስፍራ ልጀምር። ከአምባ መቅደላ አንሥቶ እስከ ዓባይ ዳር የሚዘልቀው የወሎ ምድር፣ ይኸውም ተንታ፣ ሳይንት፣ ቦረና፣ ወግዲ የምንለው አገር፣ መካከሉ ደጋ፣ ዳርቻው ገደል ነው። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ ሸርሽረውታል። ሰው በአንዱ አፋፍ ቆሞ በማዶው አፋፍ የሚጨሰውን ጢስ ያያል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ቆላ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እንደ ገና ደጋ መውጣት አለበት። አምቡላንስም ቢኖር የመኪናው መንገድ ካለቀበት አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለው መጓጓዣ የሰው ትከሻ ነው።

በዚህ አገር ሰው ሲታመም ሁለት አጣና በጠፍር ይጠላለፍና ቃሬዛ ይሠራል። በሽተኛው ጋቢ ለብሶ ይተኛበታል፤ አራት ሰው ያነሣዋል፤ ሌሎች ሸክሙን ለመቀባበል ይከተላሉ። የዚህ ሸክም ደንብ በወረቀት አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። «የወገን ያለህ!» የሚለውን ጥሪ የሰማ ይወጣል። የበሽተኛውን ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የቆየ ቂም ቢኖርበትም ለዚያ ሰዓት ይተወዋል። በመንገድ ያገኛቸው መንገደኛ እንኳ ጥቂት ሳይሸከም አያልፍም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ተረት እዚህ ላይ በሥራ ይታያል።

እኔም በወጣትነቴ ይህን ሸክም ተሸክሜአለሁ። አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት ከዓባይ ቆላ ወደ ደጋው አወጣናት። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቻችን ስሟን አናውቅም ነበር። ዳገቱ ሲበረታ ከፊት ያሉት ቃሬዛውን ዝቅ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ከትከሻቸው በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ አለዚያ በሽተኛዋ ትንሸራተታለች። ጎሕ ሲቀድ ከጤና ጣቢያው ደረስን። ልጁ አልተረፈም። እናቲቱም ደም ይፈስሳት ጀመር፤ ነርሷ ግን ከማቀዝቀዣው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ መርፌ ወጋቻት፤ ደሙ ቆመ፤ ሴቲቱም ዳነች።

በዚያ ጧት የተረዳሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ትከሻችን ባይኖር ኖሮ ብልቃጧ በማቀዝቀዣው ውስጥ እንደ ተቀመጠች ሴቲቱ በመንደሯ ትሞት ነበር። ብልቃጧ ባትኖር ኖሮ ደግሞ ያን ሁሉ የደከምነው አስከሬን ይዘን ለመመለስ ብቻ በሆነ ነበር። እንግዲህ እኛ የተሸከምነው ግማሹን መንገድ ነው። ሌላውን ግማሽ የተሸከሙት እነማን ናቸው? መድኃኒቱን የቀመሙት፣ ዋጋውን የከፈሉት፣ ሙቀት ሳያገኘው ከባሕር ማዶ እስከ ደሴ፣ ከደሴም እስከ እኛ ያደረሱት ሰዎች ናቸው። እነርሱ ያችን ሴት አያውቋትም፤ እርሷም አታውቃቸውም። ስለዚህ የቃሬዛው አንዱ ጫፍ በቅርብ ሰው፣ ሌላው ጫፍ በሩቅ ሰው ትከሻ ላይ ነበር ማለት ነው። አንደኛው ቢለቅ ሌላው ብቻውን አያነሣውም።

ነገሩ ይህ ከሆነ፣ የሩቁ ሰው ጫፉን እንዲያነሣ የሚያደርገው ምንድን ነው? የቅርቡ ሰው ጩኸት ሰምቶ ይነሣል። የሩቁ ግን የበሽተኛውን ጩኸት አይሰማም፤ በከተማው ውስጥ በሰላም ተኝቶ ያድራል። ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ድምፁ ስላልደረሰው ነው። ስለዚህ ጩኸቱን ተቀብሎ የሚያሰማለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ለማያውቀው በሽተኛ ብሎ በብስክሌት የሚጓዝ ሰው የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ላቡ መድኃኒት አይደለም፤ ድምፅ ነው። ደግሞም ዋስ ነው። በወንበር ተቀምጦ «ስጡ» የሚለውን ሰው ብዙ ሰው አያምነውም፤ በገዛ አካሉ ከፍሎ የሚለምነውን ግን «ይህስ የሚለውን ቢያምንበት ነው» ብሎ ያምነዋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ወጣት በካናዳ አገር ነበረ፤ ስሙ ቴሪ ፎክስ ይባላል። በ18 ዓመቱ የአጥንት ነቀርሳ ቀኝ እግሩን አሳጣው። በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. የነቀርሳን ሕክምና ለሚመራመሩ ሰዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ በሰው ሠራሽ እግር ሰፊውን አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሩጫ ሊያቋርጥ ተነሣ። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ በሽታው ወደ ሳንባው ተዛምቶ ስለ ተገኘ አቆመ፤ በሰኔ 1973 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ ሞተ። የተመኘው ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ማግኘት ነበር፤ ሳይሞት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ከአገሩ ሕዝብ ቁጥር ጋራ የሚተካከል ነበር። እግሩ የረገጠው መንገድ በራሱ ማንንም አልፈወሰም፤ በመንገዱ ዳር ቆሞ ያየው ሰው ግን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

በብስክሌትም እንዲሁ ሆኗል። በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ ቱሳን በምትባል የበረሃ ከተማ፣ በየዓመቱ በሚደረገው ረዥም የብስክሌት ጉዞ ላይ የሮታሪ ማኅበር አባላት 160 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ ለፖሊዮ ክትባት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ብዙ ዓመት አልፏቸዋል። ፖሊዮ የሕፃናትን እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ነው። በ1980 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ሊያጠፉት ሲስማሙ በየዓመቱ 350,000 ያህል ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ የቀሩት ሕሙማን እጅግ ጥቂት ናቸው። በተፈጥሮ የሚዛመተው የፖሊዮ ቫይረስ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ የአፍሪካ አህጉርም በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከዚሁ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተመሰከረላት።

አሁን ከዚያ ብስክሌት ነጂ ላብ ጀምረን መንገዱን እንከተል። እርሱ በላቡ የጎረቤቶቹን ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ ገንዘቡ ክትባት ይገዛል፤ ክትባቱ በበረዶ ተከቦ አየርና ባሕር ይሻገራል፤ ከትልቁ መጋዘን ወደ ትንሹ፣ ከዞን ወደ ወረዳ እየተቀባበሉ ያወርዱታል። በመጨረሻ ማን እጅ ይገባል? አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅ ይገባል። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመደቡ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ሠልጥነዋል፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ናቸው። ይህች ሠራተኛ የበረዶውን ሣጥን በትከሻዋ አንግታ ገደሉን በእግሯ ትወርዳለች። በሕፃኑ አፍ ሁለት ጠብታ ታንጠባጥባለች። የአሪዞናው ሰው ላብ የደረሰው እዚያ ነው። ከዚያ ጉዞ ሁሉ በጣም አስቸጋሪውን መንገድ የሄደችው እርሷ መሆኗን፣ ደረቷ ላይም ቁጥር እንዳልተለጠፈ ልብ በሉ።

ዳሩ ግን ድካም ሁሉ የተቀደሰ ነው ብዬ ወጣቱን ላታልለው አልፈልግም። አምባ መቅደላ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። መድፉ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ነበር። መንገድ አልነበረምና ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተናደ፣ የበሽሎ ቁልቁለትና ዳገት እየተቆፈረ መንገድ ወጣለት፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በእውነቱ ከዚያ የበለጠ ድካም በአገራችን ታሪክ እምብዛም አይገኝም። መድፉ አምባው ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ግን አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ፤ ንጉሡም በዚያው ሞቱ። ይህን የምጠቅሰው በታላቁ ንጉሥ ለመፍረድ አይደለም፤ ድካም በክብደቱ ብቻ እንደማይመዘን ለማሳየት ነው። ድካም ዋጋ የሚያገኘው ከተሸከመው ነገርና ከደረሰበት ስፍራ ነው። በዚያው በመቅደላ ምድር ዛሬ አራት ሰው አንዲት ወላድ ተሸክሞ ቢወጣ፣ ሸክሙ ከመድፉ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚደርስበት ስፍራ ግን ሕይወት ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ኬፕ ታውን የሚዘልቅ ቱር ዳፍሪክ የተባለ የብስክሌት ጉዞ ብዙ ጊዜ በአገራችን አልፏል። ነጂዎቹ ከደጀን የዓባይን በረሃ ወርደው በጎሐ ጽዮን በኩል ወጥተዋል። በዚያ ዳገት እህሉን በአህያ ጭኖ የሚወጣ ገበሬ «እነዚህ ሰዎች ጭነት ሳይኖራቸው ለምን ይደክማሉ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዚሁ ጉዞ ምክንያት የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማኅበር በአፍሪካ ለጤና ሠራተኞች ብስክሌት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ይህም ለገበሬው ጥያቄ አንድ መልስ ነው። ለሜዳ አገር ጤና ሠራተኛ ብስክሌት ሁለተኛ እግር ነው። በሳይንት ገደል ግን ያው ብስክሌት ራሱ ሸክም ይሆናል፤ እዚያ የሚሻለው በቅሎ ነው። ስለዚህ መስጠት ብቻ አይበቃም፤ የተቀባዩን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ክርክሮች እንመለስ። ላብ መድኃኒት አይደለም ለተባለው፣ እውነት ነው፤ መድኃኒት አይደለም፤ የሌሎችን እጅ ወደ መድኃኒቱ የሚያንቀሳቅስ ነው። ወጣቱ ከደመወዙ ቆርጦ ቢልክ መልካም ነው፤ ግን የሚልከው የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። በመንገድ ቢወጣ ግን የሃምሳ ሰው ሎሚ ሊሰበስብ ይችላል።

ምጽዋት በስውር ይሁን ለተባለውም፣ ስጦታንና ጥሪን ለይተን ማየት ይገባናል። ስጦታህን ደብቅ፤ የበሽተኛውን ችግር ግን አትደብቅ። በሌሊት «የወገን ያለህ!» ብሎ የሚጮኸውን ሰው ውዳሴ ከንቱ ፈላጊ የሚለው የለም። የሚፈረድበት ጩኸቱ ስለ በሽተኛው መሆኑ ቀርቶ ስለ ራሱ ሲሆን ነው። ተጓዡ ከጉዞው ተመልሶ ሲያወራ ስማው፤ ወሬው ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጡንቻውና ስለ ፎቶግራፉ ብቻ ከሆነ ዋጋውን ወስዷል።

የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ለተባለው ደግሞ፣ ሩቅና ቅርብ የሚባለው እንደ ቆምንበት ቦታ መሆኑን አንርሳ። ለአሪዞናው ሰው የሩቅ ሰው እኛ ነን። ያ ሰው ይህን ተረት ጠቅሶ ቤቱ ቢቀመጥ የማን ልጅ ነበር ሽባ የሚሆነው? ደግሞም ተላላፊ በሽታ ድንበር አያውቅም፤ በአንድ አገር የቀረ ቫይረስ ነገ በሌላው አገር ይነሣል። ነገር ግን ተረቱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። የሩቁን ሰው መውደድ ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሩቁ አያስቸግርም፣ አያኮርፍም፣ ሌሊት ደጅ አይመታም። ስለዚህ በሩቁ ስም የቅርቡን የሚሸሽ ሰው ደግነቱ ጎዶሎ ነው።

ከዚህ በመነሣት እንዲህ ያለውን ጉዞ ለመቀላቀል የሚያስብ ወጣት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ለጉዞው፣ ለምግቡና ለማደሪያው ከሚወጣው ይልቅ ለበሽተኛው የሚደርሰው ይበልጣልን? የሚሰበስቡትስ ሰዎች ሒሳቡን በግልጽ ያሳያሉን? ካላሳዩ ላቡ የሴባስቶፖል ላብ እንዳይሆን ይጠንቀቅ። ሁለተኛ፣ የሚላከው ነገር ለተቀባዩ አገር የሚስማማ ነውን? የበሽተኛውስ ክብር ተጠብቋል ወይስ ሰውን ለማሳዘን ብሎ ችግሩን በሥዕል እያዞሩ ይነግዱበታል? በቃሬዛ ላይ ያለ ሰው ጋቢ የሚደረብለት ለብርድ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር የታመመውን ሰው ባለፈው ወር ጠይቄዋለሁን? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ኅሊናው መልካም መልስ ከሰጠው ብስክሌቱን ይዞ ይውጣ፤ አንዱን መመለስ ካቃተው ግን አስቀድሞ እርሱን ያቃና። ለወዳጄ የላክሁለት መልስም ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨመርሁለት፤ ዳገቱ ሲበረታበት፣ ያ ዳገት ለእርሱ በፈቃዱ የመረጠው መሆኑን፣ በአገሩ ግን ታምሞ ዳገት የሚወጣው ሰው ያልመረጠው መሆኑን እንዲያስታውስ። ይህን ያስታወሰ ሰው በድካሙ ሊኮራ አይችልም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ለማናውቀው ሰው የመድከም ነገር ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ዕዳችን ነው። ፈንጣጣ አያቶቻችንን ሲፈጅ፣ የተረፉትንም ዐይን ሲያጠፋና ፊት ሲበሳ ኖሯል። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያውያንና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች በእግርና በበቅሎ ከመንደር መንደር እየዞሩ በሽተኛውን ሲፈልጉ፣ ጤነኛውን ሲከትቡ ከረሙ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ፤ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ በመርካ ከተማ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ታይቶ በሽታው ጠፋ። ዛሬ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳ ወጣት በቦረናም በሳይንትም አይገኝም። ይህን ያደረጉልን ሰዎች አብዛኞቹን በስም አናውቃቸውም፤ እነርሱም አላወቁንም። ብዙዎቹ ሞተዋልና ዕዳውን ለእነርሱ መክፈል አንችልም። የሚከፈልበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እኛ ደግሞ ለማናውቀው ለሌላ ሰው መድከም ነው።